መንገድ የጠፋው ሰው በፍርድ ቤት በር ላይ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዐ መልእክታችን አንዲት እህታችን ካነሳችልኝ ጥያቄ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስትመዘገብ ችግኝ ተከላ ወይም የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ይደርሰኛል ብላ ነበር። የደረሳት ግን ፍርድ ቤት ነው። ነሐሴ ላይ የፍርድ ቤቱ ዓመታዊ እረፍት እስኪገባ ድረስ ሐምሌን ሙሉ እዚያ ትውላለች። ጠዋት ጠዋት የክረምት ትምህርት ተማሪዎች በቡድን ሲመጡ ግቢውን ታስጎበኛለች፤ ሬጅስትራሩ የት እንደሆነ፣ ችሎት ምን እንደሚመስል፣ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው የት እንደሚቀመጡ ታሳያለች። ከሰዓት ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ግራ ለገባው ባለጉዳይ አቅጣጫ ትጠቁማለች።

ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ጠዋት ለልጆቹ ‹እዚህ ቤት ሁሉም ሰው እኩል ይሰማል› እላለሁ። ከሰዓት ግን ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ የተደረበባቸው አባት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አያለሁ። እየዋሸሁ ነው? አጅር አገኝበታለሁ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ወንጀል እየሆነብኝ ነው?» ጓደኛዋ ደግሞ በሌላ በኩል ይዛታለች፤ «ሙስሊም ሆነሽ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ትላታለች።

ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ልንገራችሁ።

አክስቴ ባሏ በሞተ በዓመቱ የባሏ ዘመዶች በምትኖርበት ቤት ከሰሷት። መጥሪያ ደረሳት። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ቁርኣን የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። እኛ ቤት ፍርድ ቤት መቆም ነውር ነው። «የጨዋ ልጅ ችሎት ለችሎት አይንከራተትም» እየተባለ ነው ያደግነው። በቀጠሮዋ ቀን አልሄደችም። ጉዳዩ እሷ በሌለችበት ታየ፤ ተወሰነባትም። ውሳኔውን ከሰማች በኋላም ከሐፍረት የተነሳ ለማንም ሳትናገር ሁለት ወር ያህል ቆየች።

በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በመድረሳ ደግሞ የቀዷእን ምዕራፍ ቀርቼ ጨርሻለሁ። ቃዲ ምን ምን መስፈርት ማሟላት እንዳለበት፣ ማስረጃ የማን ግዴታ እንደሆነ፣ መሐላ በማን ላይ እንደሚወድቅ በቃሌ እወጣዋለሁ። የከተማችን ፍርድ ቤት መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። በሌለበት የተወሰነበት ተከሳሽ ውሳኔውን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያቱን አቅርቦ ውሳኔው እንዲነሳለት ማመልከት እንደሚችል በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅዳል። እኔ ይህን ያወቅኩት ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። አቤቱታዋ ተቀባይነት ያገኝ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ማመልከት እንደምትችል የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የእህታችንን ጥያቄ እንደ ሩቅ ሰው አልመልሰውም።

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምንድን ነው የሚለውን እንይ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሶደቃ ዓይነቶች መካከል መንገድ በጠፋበት አገር ላለ ሰው መንገድ ማመልከትን ቆጥረዋል። ይህን ሐዲስ ስንሰማ ብዙዎቻችን በረሃ ላይ የቀረ ነጋዴ ይታየናል። ዛሬ ግን ሰው የሚጠፋው በረሃ ላይ ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ይጠፋል፤ ቀበሌ ይጠፋል፤ ፍርድ ቤት ይጠፋል። ከገጠር የመጣች እናት ከበሩ ፊት ቆማ አስቧት። የመዝገብ ቁጥር ሲሏት ምን እንደሆነ አታውቅም። «የትኛው ችሎት?» ሲሏት አታውቅም። ራፖር ጸሐፊው አንድ ነገር ይላታል፤ በሩ ላይ የሚያንዣብበው ጉዳይ ገዳይ ሌላ ነገር ይላታል፤ «ሰው አውቃለሁ፣ ትንሽ ነገር አምጪ» ይላታል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ሳይፈልግ «እናቴ፣ በዚህ በኩል ነው» የሚል አንድ ወጣት ቢኖር፣ ያ ሶደቃ ካልሆነ ሶደቃ ምንድን ነው?

ያ ወጣት ሊነግራቸው የሚችለውም ብዙ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቀርብለታል። የዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው አያውቅም። የማያውቀውን መብት ደግሞ ማንም ሰው አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጓደኛዋ ነገር እንምጣ። «ሙስሊም ሆነሽ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ላለችው፣ መልሱን ከራሳችን አገር ታሪክ እንጀምረው።

በ615 ገደማ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ከኋላቸው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ አማካሪዎች ስጦታ ሰጡ፤ ጥያቄያቸውም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። አማካሪዎቹም «ልክ ናቸው፣ አሳልፈህ ስጣቸው» አሉ። ነጃሺ ግን እምቢ አለ። ጠርቼ ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጃዕፈር (ረ.ዐ) ቆመው የተናገሩት።

ልብ በሉ። ነጃሺ በዚያ ቀን ገና ሙስሊም አልነበረም። አዳራሹም የሙስሊም አዳራሽ አልነበረም። ሶሐቦች ግን ሲጠሩ ቀሩ? «የእኛ ቤት አይደለም» አሉ? ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተናገሩ። ጃዕፈር እንዴት መቅረብና ምን ማለት እንዳለባቸው ባያውቁ ኖሮ የሙሐጂሮቹ ነገር ምን ይሆን ነበር? ሁለቱንም ወገን መስማት የሚባለው የፍርድ መሠረት እኛን የታደገን በዚህች ምድር ላይ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ የመን ለዳኝነት ሲልኳቸው የሌላኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል።

ሒልፉል ፉዱልንም አስታውሱ። ከነቢይነት በፊት፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት፣ የመካ ሰዎች የተበደለውን ለመርዳት ቃል የገቡበት ስምምነት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ተገኝተዋል፤ ከእስልምና በኋላም ለዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ለተበደለ ሰው መድረስ «ቤቱ የማን ነው?» ተብሎ የሚዘለል ነገር አይደለም።

ደግሞም ጓደኛዋ ያልተገነዘበችው አንድ ነገር አለ። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ሲሆን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ሆነው በሦስት እርከን ተዋቅረዋል። ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰሉትን ያያሉ። ነገር ግን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ በግልጽ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዲት እህት ወደዚያ ስትሄድ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ማለት የራሷ መብት እንደሆነ፣ ማንም በቁጣም በይሉኝታም ሊያስገድዳት እንደማይገባ ማን ይነግራታል? መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው የሚነግራት። የእኛ ልጆች ይህን ካላወቁ ማን እንዲያውቅላቸው ነው?

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይቀራል። እህታችን እየዋሸች ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ፍርድ ቤቶቻችን ጉድለት አለባቸው። ጉዳይ ይጓተታል። ቀጠሮ ይደራረባል። አንዳንዱ ሰው ሳይሰማ እንደቀረ ይሰማዋል፤ አንዳንዱም በእርግጥ ሳይሰማ ይቀራል። ይህን እያወቁ ለልጆች «እዚህ ሁሉም እኩል ይሰማል» ማለት ሸሃዳ ነው። ሸሃዳ ደግሞ ባዩት ልክ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እህቴ፣ የልብሽ ጭንቀት ትክክል ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር ተዪው።

ግን ሥራውን አትተዪው።

ምክንያቱን በገበያ ምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እናት ጤፍ ልትገዛ ገበያ ወጣች እንበል። ነጋዴው በሚዛን ያታልላል። ለዚህች እናት ኪሎ ስንት እንደሆነ፣ ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን የት ላይ መቆም እንዳለበት ብታስተምሯት፣ ነጋዴውን ማመስገናችሁ ነው? አይደለም። ትክክለኛውን ሚዛን ያላወቀ ሰው እንደተጭበረበረ አያውቅም፤ ቤቱ ገብቶ ጤፉ ቶሎ ሲያልቅበት «በረካ አጣሁ» እያለ ራሱን ይወቅሳል እንጂ። አላህ በቁርኣን ሚዛን የሚያጎድሉትን አጥብቆ አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚሠራበት ገበያ ግን ገዢዎቹ ሚዛን የሚያውቁበት ገበያ ነው።

ፍርድ ቤትን ማስጎብኘትም እንደዚሁ ነው። ለልጆቹ «እዚህ ሁሉም እኩል ይሰማል» ከማለት ይልቅ «ሕጉ ሁሉም እኩል እንዲሰማ ያዛል» በያቸው። «ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዝግ የሚታየው ሕጉ በሚፈቅደው ምክንያት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ» በያቸው። ልጆቹ «እውነት ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብለው ከጠየቁሽ፣ «ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲጎድል አቤት የሚባልበት ቦታም ያ ነው» ብለሽ ቢሮውን አሳያቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ተቋሙን ማሞገስም አይደለም። ሚዛኑን በልጆቹ እጅ ማስቀመጥ ነው።

በተቃራኒው ሁለት የጥፋት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሚያምረውን ብቻ አሳይቶ ጉድለቱን መሸፈን ነው፤ ይህ አማና ማጉደል ነው። ሁለተኛውን ግን እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ጥፋት መሆኑን አናውቅም። እሱም «ምንም ዋጋ የለውም፣ ሁሉም ያው ነው» እያሉ ሰውን ከበሩ መመለስ ነው። ይህን የሚናገር ሰው አስተዋይ ይመስላል። አክስቴን ግን ቤት ያስቀራት ይህ ንግግር ነው። «ብትሄጂም ምንም አይፈጠርም፤ እነሱ ሰው አላቸው» ይሏት ነበር። እሷ ስትቀር ማን ገባ? ሰው ያላቸው ገቡ። ደካማው ተስፋ ሲቆርጥ የሚጠቀመው ሁልጊዜ ብርቱው ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ለአቡ ሙሳ አል አሽዐሪ በላኩት ታዋቂ ደብዳቤ ዳኛው በፊቱም በአቀማመጡም ሰዎችን እኩል እንዲያደርግ ሲያሳስቡ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ደካማው ከፍትሑ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ተስፋ ማስቆረጥ ራሱ የዙልም በር ነው።

የሚያለቅሱት አባትስ? እህቴ፣ ለእሳቸው ፍርድ መስጠት አትችዪም። ያንን አላህም አይጠይቅሽም። ነገር ግን አጠገባቸው መቀመጥ ትችያለሽ። ቀጠሮው ለምን እንደተለወጠ መዝገቡ ላይ ትእዛዝ አለ፤ ምክንያቱን ማወቅ መብታቸው ነው፤ አብረሽ ሄደሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ጉዳያቸው ያለ አግባብ ተጓተተ ብለው ካመኑ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችሉ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዳይቀሩ ቀኑን በትልቁ ጽፈሽ ልትሰጪያቸው ትችያለሽ። ትንሽ ነገር ነው። አክስቴ ያጣችው ግን ይህንኑ ትንሽ ነገር ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎችን ልጨምር፤ ይህን ሥራ የምታስቡ ሁሉ ያዟቸው።

አንደኛ፣ መንገድ አሳዩ እንጂ ምላስ አታበድሩ። በሩ ላይ የሚመጣው ሁሉ ተበዳይ አይደለም፤ በዳይም ይመጣል። ለሁለቱም ችሎቱን አሳዩ፤ ሁለቱም የመሰማት መብት አላቸውና። «እንዲህ ብለህ ተናገር፣ ይህን ደብቅ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሰው እንደሆኑ፣ ከተከራካሪዎች አንዱ በአንደበቱ ሊበልጥ እንደሚችል፣ በዚያ ምክንያት የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው የእሳት ቁራጭ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። እሳት ለሚቆርስ ሰው ቢላዋ አታቀብሉ። የሕግ ምክር ሲጠይቋችሁም ወደ ባለሙያው ምሩ፤ ሳያውቁ መናገር በዲንም በሕግም ሰው ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ምንም አትቀበሉ። ሃምሳ ብርም ቢሆን፣ «ለሻይ» ቢሏችሁም። ዘካ እንዲሰበስብ ተልኮ «ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ» ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሚንበር ላይ እንዴት እንደወቀሱት ታውቃላችሁ፤ ወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። በጎ ፈቃደኛ ገንዘብ የተቀበለ ቀን ጉዳይ ገዳይ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በዚያ ቤት ያያችሁትን የሰው ገመና አታውጡ። ችሎት ክፍት መሆኑ የሰውን ነውር ለቡና ወሬ ሐላል አያደርገውም።

በመጨረሻ ይህ ሥራ ለአስጎብኚው ራሱ ምን እንደሚያደርግለት ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የማስቀራቸውን ጥቂት ደረሳዎች ይዤ አንድ የወንጀል ችሎት ገብተን ተቀመጥን። አንድ ወጣት በፖሊስ ታጅቦ ገባ። ከልጆቹ አንዱ በጆሮዬ «ኡስታዝ፣ ምን ሰርቆ ነው?» አለኝ። «ምን ሰርቆ» ነው ያለው። እኔም በልቤ ያንኑ እየጠየቅኩ ነበር። ስንወጣ ሕገ መንግሥቱ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር እንደሚያዝ ነገርኳቸው። ከዚያ ሱረቱል ሑጁራትን አስታወስኳቸው፤ አላህ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘዘበትን። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ሰፈር ውስጥ ስንቱ ላይ ፈርጃለሁ?» አለ። እኔ በአንድ ዓመት የሱኡ ዘን ትምህርት ያላደረስኩበት ቦታ አንድ ሰዓት ችሎት መቀመጥ አደረሰው። ከቀደምት ቃዲዎች ብዙዎቹ መስጊድ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይፈርዱ ነበር። ማየት ተመልካቹን ያስተምራል፤ መታየትም ዳኛውን ይጠብቃል።

እህቴ፣ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ዐረፍተ ነገርሽን አስተካክዪ፤ ኒያሽን አድሺ፤ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቁሚ። እናንተም ፍርድ ቤት መመደብ ባይደርሳችሁ በሰፈራችሁ መጥሪያ አጣጥፎ ያስቀመጠ ሰው እንዳለ ጠይቁ። አንብቡለት። ቀኑን ንገሩት። ብቻውን ከፈራ አብራችሁት ሂዱ።

ባለፈው ዒድ አክስቴን ስዘይራት ስለዚህች እህት አወራኋት። አሁን የምትኖረው በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ እኔኮ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር» አለችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። «በቀጠሮው ቀን ሄጃለሁ። በሩ ላይ ብዙ ሰው ነበረ። ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ» አለች።

አላህ በሐቅ ላይ ከሚቆሙት ያድርገን። የተበደሉትን ሐቃቸውን ይመልስላቸው። ዳኞቻችንን ፍትሐዊ፣ ምስክሮቻችንን እውነተኛ ያድርግልን። በር ላይ ቆመው የሚመለሱትን የሚያስገባ ሰው አያሳጣን። ኣሚን።

ጁሙዐ ሙባረክ።